ከድሃ እጅ መቀበል ይገባልን?

ስለ ምጽዋት በተነገረ ጊዜ ሁሉ የሚነሣው ጥያቄ «ለማን እንስጥ? ምን ያህል እንስጥ? እንዴትስ እንስጥ?» የሚል ነው። እኛም በሰንበት ትምህርት ቤታችን ብዙ ጊዜ ያሳለፍነው ይህንኑ ስንጠይቅና ስንማር ነው። ነገር ግን ባለፈው የፍልሰታ ጾም የሆነው ነገር ሌላ ጥያቄ አምጥቶብናል። ይኸውም፣ ድሃ ነው ብለን በመዝገብ የጻፍነው ሰው በተራው እጁን ዘርግቶ ሊሰጠን ሲመጣ ምን ማድረግ ይገባናል? የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። እኛም ቀላል መስሎን ሳናስብ ወዲያው መለስንለት፤ መልሳችንም ስሕተት ሆኖ ተገኘ።

ውድ አንባብያን፣ የሠራነውን ስሕተት ደብቆ ስለ በጎ አድራጎት መስበክ ለማንም አይጠቅምም ብለን ስላመንን፣ በመጀመሪያ የሆነውን እንነግራችኋለን፤ ከዚያም በኋላ ተሰብስበን የተከራከርንበትንና የደረስንበትን አሳብ እናቀርባለን።

እንደምታውቁት የሰንበት ትምህርት ቤታችን የበጎ አድራጎት ክፍል በየዓመቱ ለዘመን መለወጫ በዓል ለችግረኞች የሚታደል እህል፣ ዘይትና ልብስ ያሰባስባል። ነሐሴ ሲገባ መዝገብ ይዘን በየመንደሩ እንዞራለን። መዝገቡ አራት ዓምዶች አሉት፤ ተራ ቍጥር፣ ስም፣ የቤተሰብ ብዛትና የተሰጠው ነገር የሚሉ ናቸው። በዚህ መዝገብ ውስጥ የብዙዎቹ ስም ከነአባታቸው ተጽፏል። በአንድ ተራ ቍጥር ላይ ግን በስም ፈንታ «አንዲት የአኝዋክ አሮጊት፣ ባሮ ዳር» ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። ሦስት ዓመት ሙሉ እንደዚሁ ተጽፎ ሲገለበጥ ኖረ። ማንም ስማቸውን አልጠየቀም። ቋንቋቸውን የሚያውቅ ሰው አብሮን ስላልነበረ፣ ሰጥተን፣ እጅ ነሥተን፣ ፈገግ ብለን እንመለስ ነበር።

በፍልሰታ ሁለተኛ ሳምንት፣ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ፣ እኒሁ እናት በራሳቸው ላይ ቅርጫት ተሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ገቡ። ቅርጫቱ እሸት በቆሎ ሞልቶታል። ወደ አዳራሻችን በር መጥተው አወረዱትና በእጃቸው ወደ እኛ፣ ከዚያም ወደ ሕፃናቱ አመለከቱ። ያን ቀን ተረኛ የነበርነው ነገሩ ገባን። ሆኖም ተያይተን ሣቅን። ከመካከላችን አንዱ በአክብሮት ጎንበስ ብሎ «እማማ፣ ይህማ ለእርስዎ ይሁን፤ እኛ ነን ለእርስዎ የምንሰጥ» አላቸው። ቅርጫቱን አንሥተን በራሳቸው ላይ መለስንላቸው። በዚያም ላይ ከዕቃ ቤት 1 ኪሎ ዱቄት ጨምረን አስያዝናቸው። ደግ ሥራ የሠራን መስሎን ነበር። እርሳቸው ግን ምንም ሳይናገሩ ወደ በሩ ሄዱ፤ ዱቄቱን ከበሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ አስቀመጡና ወጡ።

ዱቄቱን ያገኘው ዘግይቶ የመጣ አንድ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባል ነው። እርሱ ራሱ አኝዋክ ስለሆነ ተከትሏቸው ሄደና አነጋገራቸው። ሲመለስ የነገረን ቃል ይህ ነው፦ «ሕፃናቱ እስከ ከሰዓት በኋላ ጾመው ሲዘምሩ ከቤቴ ሆኜ እሰማለሁ፤ ሲወጡ ይበሉት ብዬ ነበር ያመጣሁት። እኔ የሰጡኝን ስቀበል አላፈርሁም፤ እነርሱ ግን የእኔን ለመቀበል አፈሩ» ብለዋል አለን።

ይህን ከሰማን በኋላ በነበረው የእሑድ ስብሰባችን የተለመደው ትምህርት ቀርቶ ክርክር ሆነ። አንዳንዶቻችን «ምን በደልን? የድሃን እህል አንበላም ማለት ኃጢአት ነውን? እንዲያውም ርኅራኄ ነው» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ «መቀበል ነበረብን፤ ነገር ግን ለማስደሰት ያህል ብቻ፣ በኋላ በሌላ መንገድ ዋጋውን መመለስ ይቻል ነበር» አልን። ጥቂቶች ግን ከዚህ የከበደ ነገር ተናገሩ። «ያልተቀበልነው በቆሎውን አይደለም፤ ሰውዬዋን ነው» አሉ። በመጨረሻ ሁላችንንም ያሳመነን ይህ ሦስተኛው አሳብ ነው። ለምን እንዳሳመነን እንደሚከተለው እናስረዳለን።

በመጀመሪያ የራሳችንን ልማድ መረመርን። በቤተ ክርስቲያናችን ጥላ ሥር ሰንበቴ አለ፤ የጽዋ ማኅበር አለ፤ በየሰፈራችንም ዕድር አለ። ሰንበቴ እንዴት እንደሚሠራ ሁላችን እናውቃለን። አባሉ ሁሉ በተራው ዳቦውን ጋግሮ፣ ጠላውን ጠምቆ ወይም ንፍሮውን ቀቅሎ ያቀርባል። ከአባላቱ መካከል ሀብታም አለ፤ በቀን ሥራ የሚተዳደርም አለ። ነገር ግን ለቀን ሠራተኛው «አንተ ድሃ ስለሆንህ ተራ አይደርስህም፤ እየመጣህ ብላ ብቻ» ያለው ሰው ሰምተን አናውቅም። እንዲህ ቢባል ከማኅበር እንደ ተባረረ ይቈጥረዋል። ዕድርም እንደዚሁ ነው። መበለት ዶሮዋን ሸጣ የወር መዋጮዋን የምትከፍለው ገንዘብ ተርፏት አይደለም፤ ሰው ሆና ከሰው ለመቈጠር ነው። እንግዲህ አባቶቻችንና እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት አንድ ምሥጢር አለ። ይኸውም፣ ሰውን ሁልጊዜ ተቀባይ ብቻ ማድረግ ከማዕድ ማውጣት መሆኑ ነው። እኛ ይህን ለራሳችን ሰዎች እናውቀዋለን። ለእኒያ እናት ግን ረሳነው። የረሳንበትም ምክንያት ሌላ ሳይሆን፣ እርሳቸውን ከችግረኞች መዝገብ እንጂ ከማኅበራችን ቈጥረናቸው ስለማናውቅ ነው።

ቀጥለን «ለመሆኑ በጋምቤላ እንግዳው ማን ነው? ባለቤቱስ ማን ነው?» ብለን ጠየቅን። ሰጪ ሰው ራሱን እንደ ባለቤት፣ ተቀባዩን እንደ እንግዳ ይቈጥራልና። የከተማችንን ታሪክ ያነበበ ግን ይህን አሳብ ይዞ ለመቆየት ይቸገራል።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት፣ በባሮ ወንዝ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ተሰጠ። ውሉ ኢታንግን ቢጠቅስም፣ ጣቢያው በኋላ የተቋቋመው አሁን ከተማችን ባለችበት ቦታ ነው። በክረምት ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ድረስ እየመጡ ጨውና ጨርቅ ያራግፉ ነበር፤ ከጎሬና ከደምቢ ዶሎ ደጋዎች በቅሎና ሸክም የወረደውንም ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። የግሪክና የዓረብ ነጋዴዎች፣ የደጋ ነጋዴዎች፣ የሱዳን አስተዳደር ሹማምንት ሁሉ በዚህ ዳርቻ ሰፈሩ። ሱዳን ነጻ ስትወጣ ውሉ ስላበቃ ጣቢያው በ1949 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ተመለሰ። ይህ ሁሉ ሲሆን አኝዋኮች በወንዙ ዳርና ዳር በቆሎና ማሽላ እየዘሩ፣ ዓሣ እያጠመዱ ይኖሩ ነበር። ኑዌሮችም በበጋ ከብቶቻቸውን ወደ ወንዙ እያወረዱ፣ በክረምት ውኃው ወደማይደርስበት ከፍታ እየመለሱ ይኖሩ ነበር። ማጃንጎች በምሥራቁ ጫካ ማር ይቈርጡ ነበር። ኦፖና ኮሞም በየስፍራቸው ነበሩ።

ከዚያም የ1977 ዓ.ም. ድርቅ መጣ። ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከሸዋና ከከንባታ የተነሡ በብዙ አሥር ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች በመንግሥት ሠፈራ ወደ ጋምቤላ መጡ። ከእኛ መካከል የአያቶቻችንን የሠፈራ ታሪክ እየሰማን ያደግን አለን። በረኀብ የከሱ፣ በሐሩሩና በወባው የተጨነቁ፣ መምጣትንም ራሳቸው ያልመረጡ ሰዎች ነበሩ። የሠፈሩበት መሬት ግን ባዶ አልነበረም። ደኑ የተመነጠረው፣ እርሻው የተከፈለው ከአኝዋኮች ነበር። ማንም ፈቃዳቸውን አልጠየቀም። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያናችን በምትሰጠው ላይ ጽዋ ሳትጨምር፣ እኛ ራሳችን አስቀድመን የተቀበልን ሰዎች ነን። ስጦታችንም በአብዛኛው ብድር መመለስ ነው። ባለ ዕዳ ሆኖ ሳለ ራሱን እንደ ቸር የሚያይ ሰው ከባለጠጋው ትዕቢት ይልቅ ያስቃል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ለመጻፍ ፈርተን ነበር። ነገር ግን ሳንጽፈው ብናልፍ ጽሑፉ ሐሰት ይሆንብናል። በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. በመኪና ይጓዙ የነበሩ 8 ሰዎች በደፈጣ ከተገደሉ በኋላ፣ በከተማችን በአኝዋኮች ላይ እጅግ ከባድ ጭፍጨፋ ሆነ። በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች ሞቱ፤ ቤቶች ተቃጠሉ፤ ብዙዎችም ድንበር ተሻግረው ሸሹ። የሰብአዊ መብት ተቋማት እንደ መዘገቡት፣ በዚያ ግድያ ከወታደሮች ሌላ ከደገኛው ነዋሪ መካከልም እጃቸውን ያስገቡ ነበሩ። ከዚያም ወዲህ በአኝዋክና በኑዌር መካከል ደም የፈሰሰባቸው ዓመታት አልፈዋል። ከእኛ ብዙዎቻችን በ1996 ዓ.ም. ሕፃናት ነበርን ወይም ገና አልተወለድንም። ሆኖም እኒያ እናት በዚያን ጊዜም ባሮ ዳር ይኖሩ ነበር። በዚያ ቀን ማንን እንዳጡ አልጠየቅናቸውም። ከዚያ ሁሉ በኋላ ግን ወደ ደገኞች ቤተ ክርስቲያን ግቢ ብቻቸውን ገብተው፣ ለደገኛ ልጆች ምግብ አቀረቡ። በቅርጫቱ ውስጥ የነበረው ምን እንደ ሆነ አሁን ታስተውላላችሁ። እኛ የመለስነው እርቅን ነው። እርቅ ደግሞ ሁልጊዜ በሽማግሌና በማይክሮፎን አትመጣም፤ አንዳንድ ጊዜ በራስ ላይ ተሸክመው ያመጧታል።

አሁን ወደ መጽሐፍ እንመለስ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ስለ መጀመሪያዪቱ ቤተ ክርስቲያን ምግባረ ሠናይ የሚተርከው ታሪክ ለእኛ ለጋምቤላ ልጆች የተጻፈ ይመስላል። በኢየሩሳሌም በየቀኑ ለመበለቶች ምግብ ይታደል ነበር። ነገር ግን የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪ የሆኑት መበለቶች ችላ ስለ ተባሉ ማጉረምረም ተነሣ። ልብ በሉ፣ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከተነሡት የመጀመሪያ ጠቦች አንዱ የተነሣው በምጽዋት ምክንያት ነው፤ የተረሱትም ቋንቋቸው የተለየ ሰዎች ናቸው። ሐዋርያት ምን አደረጉ? «ከእንግዲህ ለእነዚያ መበለቶች ጨምሩላቸው» ብለው ብቻ አልተዉም። ሰባት ዲያቆናት እንዲመረጡ አደረጉ። የሰባቱን ስም ስናነብ፣ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ ኒቆላዎስ፣ ሁሉም የግሪክ ስሞች ናቸው። እንግዲህ ከተረሱት ወገን ቋንቋ የሚያውቁ ሰዎች በማዕዱ ላይ ተሾሙ። እኛ ግን ለአኝዋክና ለኑዌር መበለቶች ስንሰጥ በኮሚቴያችን ውስጥ አኝዋክም ኑዌርም አልነበረም። ስማቸውን ሳንጽፍ ሦስት ዓመት የቆየነው በክፋት አልነበረም፤ የሚጠይቅልን ሰው በመካከላችን እንዲቀመጥ ስላላደረግን ነው። ይህም ራሱ ጥፋት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የሰራፕታዋ መበለት ናት። በረኀብ ዘመን እግዚአብሔር ነቢዩ ኤልያስን የላከው ወደ ባለጠጋ ቤት አይደለም፤ ወደ ባዕድ አገር፣ የመጨረሻ ዱቄቷን ጋግራ ከልጇ ጋር ለመሞት ወደ ተዘጋጀች ሴት ነው። ኤልያስ «አንቺማ ድሃ ነሽ፤ ከአንቺ አልበላም» ቢላት ኖሮ በማድጋዋ ያለው ዱቄት አይባረክም ነበር። በረከቱ የመጣው ነቢዩ ለመቀበል ስላላፈረ ነው። ጌታችንም በምድር ሳለ የሌላ ሰው ጀልባ ላይ ተቀምጦ አስተማረ፤ በሌላ ሰው አህያ ወደ ኢየሩሳሌም ገባ፤ በሌላ ሰው መቃብር ተቀበረ። ከሳምራዊቷ ሴት ጋር ንግግር የጀመረውም ውኃ በመለመን ነው። ሁሉ የእርሱ ሲሆን መቀበልን ያልናቀ ጌታ፣ እኛን ምን ሊለን ይችል ይሆን?

ሦስተኛው ምሳሌ ብዙ ጊዜ የማንሰብክበት ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ላሉት ድሆች ከአሕዛብ አብያተ ክርስቲያናት ገንዘብ ሲሰበስብ፣ የመቄዶንያ ሰዎች ራሳቸው ድሆች ሆነው ሳለ ከአቅማቸው በላይ እንደ ሰጡ ይመሰክራል። ወደ ሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ላይ ደግሞ አንድ የሚያሳስበው ነገር እንዳለ እናያለን። ገንዘቡ ተሰብስቧል፤ እርሱን የሚያስጨንቀው በኢየሩሳሌም ያሉት ቅዱሳን ከአሕዛብ እጅ የመጣውን ስጦታ በደስታ ይቀበሉት እንደ ሆነ ነው። ስለዚህም ጸልዩልኝ ይላል። ለመስጠት ጸጋ እንደሚያስፈልግ ሁላችን ሰምተናል። ለመቀበልም ጸጋ እንደሚያስፈልግ ጳውሎስ ያውቅ ነበር።

ይህን ስንል የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ከንቱም አይደሉም። አንደኛው፣ «ከድሃ መቀበል ድሃን መግፈፍ እንዳይሆን» የሚል ነው። ይህ እውነተኛ ፍርሃት ነው። በሃይማኖት ስም የመበለቶችን ቤት የሚበሉ ሰዎች በወንጌል ተወቅሰዋል። ስለዚህ በመለመንና በመቀበል መካከል ያለውን ልዩነት ማወቅ ይገባናል። ከድሃ ደጅ ሄዶ «ስጥ፣ ትባረካለህ» ማለት ግፊያ ነው። ወዶ ያመጣውን በክብር መቀበል ግን ሌላ ነው። መለያውም ቀላል ነው፤ ያመጣው ሰው ራሱ ከማዕዱ ተቀምጦ አብሮ ይበላልን? ያመጣው ነገር በፊቱ ይቈረሳልን? ከሆነ ኅብረት ነው። ያመጣው ተወስዶ እርሱ በር ላይ ቢቀር ግን ቀረጥ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ «አቅማችን ትንሽ ነው፤ የክልላችን ችግር ደግሞ ከእኛ በላይ ነው፤ ይልቅ ሥራውን ለትልልቅ ድርጅቶች እንተው» የሚል ነው። የችግሩ ታላቅነት አይካድም። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. የደቡብ ሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ወደ ክልላችን የገቡት ስደተኞች ከ300 ሺህ በላይ ሆነዋል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ የክልሉ ነዋሪ በሙሉ 307 ሺህ ያህል እንደነበረ ስናስታውስ፣ ይህ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ይገባናል። በኩሌ፣ በቴርኪዲ፣ በጀዊና በሌሎቹም መጠለያዎች የሚበዙት ሴቶችና ልጆች ናቸው። በእኛ ጥቂት ኩንታሎች ይህ አይሞላም። ነገር ግን አንድ ነገር እናስተውል። በሰኔ 2015 ዓ.ም. የዓለም ምግብ ፕሮግራም በኢትዮጵያ የሚሰጠውን የእህል ርዳታ ለስደተኞችም ጭምር አቋርጦ ነበር፤ ለስደተኞች እንደገና የጀመረው በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። በእነዚያ ወራት ከራሽን ካርድ በቀር ከማንም ጋር ዝምድና የሌለው ሰው ምን እንደሚሆን ታየ። ድርጅት ብዙ እህል ሊሰጥ ይችላል፤ ይስጥም፤ እግዚአብሔር ያበርታው። ድርጅት ሊያደርገው የማይችለው ግን ተቀባዩን በተራው ሰጪ ማድረግ ነው። ይህን ለማድረግ ኩንታል አያስፈልግም፤ አንድ መሶብና ለመቀበል የማያፍር ልብ ይበቃል። ስለዚህ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ከትልቅ ድርጅት ጋር የምትወዳደርበት ነገር የለም። ሥራዋ ሌላ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይልቅ የተለመደው ነው። «ቋንቋቸውን ሳናውቅ እንዴት እንቀራረብ?» ይባላል። የዚህ መልስ «እንማር» የሚል ነው። በ1940ዎቹ ዓ.ም. በባሮ ዳር በፖክዎ የሠፈሩት የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮናውያን በሃይማኖት ሥርዐት ከእኛ ይለያሉ፤ ሆኖም ከሩቅ አገር መጥተው የአኝዋክን ቋንቋ ተምረዋል። እኛ በአንድ ገበያ እየተገበያየን፣ ከአንድ ወንዝ እየጠጣን፣ ከአንድ ትምህርት ቤት ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ ሰላምታ እንኳ ሳንማር ማደጋችን የሚያሳፍር ነው። ኑዌሮች ሲገናኙ «ማሌ» ይባባላሉ፤ ትርጕሙ ሰላም ማለት ነው። በእያንዳንዱ ቅዳሴ ላይ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን እየተባልን፣ የጎረቤታችንን ሰላም በራሱ አፍ ለመናገር አንዲት ቃል መያዝ ይከብደናልን?

እንግዲህ ተከራክረን ከጨረስን በኋላ የሚከተሉትን ነገሮች ወስነናል። ለአንባብያን የምንነግራችሁ ልንመሰገን ሳይሆን፣ ነገ ብንረሳ እንድትጠይቁን ነው።

አንደኛ፣ በመዝገባችን ውስጥ ስም የሌለው ሰው እንዳይኖር። ስሙን ለመጠየቅ ጊዜ ያጣንለትን ሰው ለመርዳት ጊዜ አለን ማለት አይቻልም።

ሁለተኛ፣ በበጎ አድራጎት ክፍላችን ውስጥ የአኝዋክና የኑዌር ተወላጅ የሆኑ አባሎቻችን እንዲገቡ፤ ለማስተርጐም ብቻ ሳይሆን ለመወሰንም ጭምር።

ሦስተኛ፣ በመዝገቡ ላይ አምስተኛ ዓምድ እንዲጨመር። ዓምዱ «ያመጡት» ይባላል። አንዱ እሸት፣ አንዱ ዓሣ፣ አንዱ የሣር ምንጣፍ፣ አንዱ ጉልበት፣ አንዱም ምክር ሊያመጣ ይችላል። ባዶ ሆኖ የሚቀር ተራ ቍጥር ይኖራል፤ ያም ቢሆን ዓምዱ በመኖሩ ብቻ እኛን ያስታውሰናል።

አራተኛ፣ የዘመን መለወጫው እደላ በር ላይ መሰለፍ ቀርቶ የጋራ ማዕድ እንዲሆን። ሰጪና ተቀባይ በአንድ መሶብ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ከዚያ ወዲያ ማን ሰጪ፣ ማን ተቀባይ እንደ ሆነ ከሩቅ የሚያይ ሰው ባይለይ ለእኛ ደስታ ነው።

የቀረው የእኒያ እናት ነገር ነው። ከውሳኔው በኋላ በጾሙ መጨረሻ ቀን ከአኝዋኩ ወንድማችን ጋር ሆነን ወደ ቤታቸው ሄድን። ባሮ ሞልቶ ከእርሻቸው ጫፍ ደርሶ ነበር። ይቅርታ ለመጠየቅ የተዘጋጀንበት ረጅም ንግግር ነበረን። እርሳቸው ግን ገና ሳንጨርስ በእጃቸው ወደ ጥላው ጠቆሙን፤ ተቀመጥን። የተቀቀለ በቆሎ በሰፊ ሳሕን አቀረቡልን። ከቅዳሴ በኋላ ነበርና በላን። ሲጨርስ ጨመሩ፤ ደግመን በላን። ከመካከላችን አንዱ እንደ ልማዳችን «በቃኝ» ሊል ሲል ወንድማችን በክርኑ ነካው። ያን ቀን እኛ እንግዶች ነበርን፤ እርሳቸውም ባለቤት ነበሩ። እውነቱም ይኸው ነበር፤ ሦስት ዓመት ገልብጠን ስናነበው ኖርን እንጂ።

ልንወጣ ስንል ስማቸውን ጠየቅናቸው። ነገሩን። በዚህ ጽሑፍ አንጽፈውም፤ በእንግድነት የሰማነውን ስም በየቤቱ ለሚነበብ ወረቀት መስጠት አይገባንምና። በመዝገባችን ላይ ግን ተጽፏል። ከስማቸው አንጻር፣ በአምስተኛው ዓምድ «አንድ ቅርጫት እሸት በቆሎ» የሚል አለ። ከአጠገቡም በቀይ ቀለም «መጀመሪያ አልተቀበልንም» ብለን ጽፈናል፤ ከእኛ በኋላ የሚመጡት ታናናሾቻችን እንዲያዩት።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ሲባል ከልጅነታችን ጀምሮ እንሰማለን። እኛ ይህን ስንሰማ ሁልጊዜ ራሳችንን በመድኃኒቱ ቦታ እናስቀምጥ ነበር። በሽተኛውም እኛ ልንሆን እንደምንችል ከአንዲት እናት ተምረናል። እናንተም በየአላችሁበት የችግረኞች መዝገብ ካላችሁ ዛሬ ገልጣችሁ እዩት። ስም የሌለበት መስመር ብታገኙ ሄዳችሁ ጠይቁ። በዚያው ቀን የሚቀርብላችሁ ነገር ቢኖር፣ ተቀምጣችሁ ብሉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።